የሩዝ ችግኝና የኮምቦልቻ ብርድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ያፈላሁት የሩዝ ችግኝ ከሦስት ቀዝቃዛ ሌሊቶች በኋላ የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ተጠቀለለ። ልንቀለው ወይስ ልጠብቀው?

መልስ፦ እባክዎ አይቸኩሉ። ሩዝ የሞቃት አገር ተክል በመሆኑ ብርድ የሕዋሱን ሽፋን ልስላሴ ያሳጣዋል፣ ሥሩም ውሃ መሳብ ይሳነዋል፤ የማግስቱ ብርቱ ፀሐይ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። አንዱን ነቅለው ከሥሩ በላይ በጥፍርዎ ይሰንጥቁት፤ እምብርቱ ነጭና ጠንካራ ከሆነ አዲስ ቅጠል ያወጣል፣ ቡናማ ሆኖ ከላላ ግን ሞቷል።

ሌላ መልስ፦ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዛላው ገና በግንዱ ውስጥ ሳለ የሚመጣው ብርድ ነው፤ የአበባው ብናኝ ስለሚመክን ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ ፍሬው ባዶ ይቀራል። ያን ጊዜ ከአየሩ የሚሞቅ ውሃ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢይዙለት ዛላውን ይጠብቀዋል፤ ዩሪያ ማብዛት ግን ይጎዳዋል።

ጠያቂ፦ ሰንጥቄ አየሁት፤ ነጭ ነው። እጠብቃለሁ።