ለማደሪያ መኪኖቻችን ባትሪ የሚሆን ጄኔሬተር፦ የግዢ ዕቅድ ውይይት፣ ድሬዳዋ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ ይህ ነው። «ማኅበሩ አልጋና ፍሪጅ ላላቸው የጉዞ መኪኖች ባትሪ መሙያ ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር ጄኔሬተሮች (ኃይሉን በኤሌክትሮኒክስ አስተካክለው የሚሰጡ) ይግዛ።» ባቢሌ እንግዳ ይዞ ያደረ ሁሉ ሌሊት ፍሪጁ ሲጠፋ ምን እንደሚያስጨንቅ ያውቀዋል። ያልተስማማችሁበትን አሁን ንገሩን።

የከዚራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። 1000 ዋት ሞተሩ ለአፍታ የሚችለው ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 900 ገደማ ነው። ከፍታ ሲጨምርም ኃይሉ በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 4 በመቶ ይቀንሳል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ 700 ገደማ ይቀረዋል። ብዙዎቻችን ያለን ቻርጀር ባለ 55 አምፔር ነው። በ14.4 ቮልት ለባትሪው 792 ዋት ይሰጣል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ከጄኔሬተሩ የሚስበው ከ900 ያልፋል። ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ጄኔሬተሩ ከሚሸከመው ጭነት በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ፣ ዝቅተኛ ከሆነ ጠቅላላ ጭነቱ ከ1,300 ቮልት-አምፔር ይበልጣል። ከአቅም በላይ መጫኑን የሚያሳየው ቀዩ መብራት ይበራል፣ ኃይሉ ይቋረጣል፣ ደህናው ጄኔሬተር ተበላሸ ተብሎ ጥገና ይሄዳል።

ሒሳብ ሹም፦ ወንድሜ፣ ባለ 2000 ይገዛ ካልክ በጀቱ አይችለውም።

የከዚራው ባለሙያ፦ የለም እትዬ፣ ቻርጀሩን እናሳንሰው። 200 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ የአሲድ ባትሪ የሚስማማው ከ20 እስከ 40 አምፔር ነው። ፓወር ፋክተሩ የተስተካከለ ባለ 30 አምፔር ቻርጀር 500 ዋት ገደማ ይበቃዋል፤ ትንሹ ጄኔሬተር ሐረርም ላይ ይችለዋል።

የሳቢያኑ ሹፌር፦ ጄኔሬተሩ ራሱ የ12 ቮልት መውጫ አለው። እሱ አይበቃም?

የከዚራው ባለሙያ፦ ብዙውን ጊዜ 8 አምፔር ገደማ ነው፤ ባትሪው ሲሞላም ቮልቴጁን የሚቆጣጠርለት የለም። ለቸገረ ጊዜ ብቻ ይሁን።

ባለጋራዡ አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ የአሲድ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ቶሎ ይሞላል፤ የቀረው ሰዓታት ይፈጃል። ለእሱ ቤንዚን አናቃጥል። ጠዋት ጄኔሬተሩ ይሥራ፣ ቀሪውን የድሬ ፀሐይ በጣሪያው ሶላር ትጨርሰው። የባትሪውን ሙቀት የሚለካ ሽቦ ያለው ቻርጀር ምረጡ፤ በ35 ዲግሪ 14.4 ቮልት ይበዛበታል፣ ወደ 14.2 መውረድ አለበት። ውሃቸው አልቆ ሳህኖቻቸው ገርጥተው ጋራዤ የሚመጡትን ባትሪዎች ሳይ ያንገበግበኛል። ከሁሉ በላይ ጄኔሬተሩ መስኮት ሥር ወይም መኪና ውስጥ አይነሣ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ይገድላል። ይህ በማሳሰቢያ አይታለፍ፣ ውሳኔው ውስጥ ይግባ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል ጋሼ። የተሻሻለው፦ «ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር ጄኔሬተር፣ ፓወር ፋክተሩ ከተስተካከለና ሙቀት ከሚለካ ባለ 30 አምፔር ቻርጀር ጋር ይገዛ። ተረካቢው ከመኪናው ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ከመኪናው አርቆ በሚወስድበት በኩል ብቻ ለማስነሣት ይፈርም።» እትዬ፣ የሁለቱን ዕቃ ፕሮፎርማ በአንድ ላይ ያምጡልን፤ ተለያይተው ከተገዙ ይህ ሁሉ ስሌት ዋጋ የለውም።