የፖለቲካ እንግሊዝኛ ለምታጠኑ፦ ከኮርስ በፊት እነዚህን ሞክሩ

ኮሙኒኬሽን የምትሠሩና ፖለቲካል ሳይንስ የምትማሩ ልጆች በምን እናጥና ብላችኋል። የኔን ልበላ።

አንደኛ ምርጫዬ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አትሳቁ! አዋጁ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል። "ሻል" ግዴታን፣ "ሜይ" ፈቃድን እንዴት እንደሚሸከሙ እዚያው ከአማርኛው ጋር ታመሳክራላችሁ። ሁለቱ ከተጋጩ የሚጸናው አማርኛው መሆኑን ግን አትርሱ፤ አዋጅ ቁጥር 3/1987 እንዲህ ይላል። ደግሞ የሕግ እንግሊዝኛ ደረቅ ነው፣ ለመግለጫ እንዳለ አትቅዱት።

ለሥርዓተ ነጥብ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔዎችን የሚያህል የለም። በተባበሩት መንግሥታት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ። አንድ ውሳኔ ገጾች ቢሞላም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መግቢያዎቹ በኮማ፣ የውሳኔ አንቀጾቹ በሴሚኮሎን ይያያዛሉ፤ ፉል ስቶፕ የምታገኙት መጨረሻ ላይ ነው። ግሦቹም ደረጃ አላቸው። "ኮልስ አፖን" ጥሪ ነው፣ "ዲማንድስ" ጠንከር ይላል፣ "ዲሳይድስ" ቁርጥ ያለ ነው።

አርቲክል ("ኤ"ና "ዘ") ለሚያስቸግረን ደግሞ የዚሁኑ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. የ1967ቱን ውሳኔ 242 እመክራለሁ። የእስራኤል ጦር በዚያው ዓመት ከዓረብ ጎረቤቶቿ ጋር በተደረገው ጦርነት ከተያዙ ግዛቶች እንዲወጣ ሲል፣ እንግሊዝኛው ከ"ቴሪቶሪስ" በፊት "ዘ" የለውም። ከሁሉም ነው ወይስ ከከፊሉ? በዚህች በሌለች ቃል ዲፕሎማቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ተደራጊ ግሥን ከንግግር ተማሩ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬጋን እ.ኤ.አ. በ1987 ለኮንግረስ ባሰማው ንግግር ስለ ኢራን ጉዳይ (መንግሥቱ ለኢራን በምስጢር መሣሪያ መሸጡ) "ከባድ ስህተቶች ተፈጽመዋል" አለ። ማን ፈጸማቸው? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። የኛም ባለሥልጣናት ይህን ሰዋስው አሳምረው ያውቁታል።

ለቃል ምርጫ ጋዜጣ ይሻላል። አንዱን ዜና በሄራልድና በአዲስ ፎርቹን አንብቡ፤ አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የግል ነው። ቅጽሎቹን አስምሩባቸው። ሪፖርተር በሁለቱም ቋንቋ ስለሚወጣ ለጀማሪ ይመቻል።

ግራመርሊስ፣ ጽሑፍ አራሚው መተግበሪያ? ነጻው ለስፔሊንግና ለኮማ ይበቃል። አድራጊው ለምን እንደተደበቀ ግን አይነግራችሁም።

ኮርስ መክፈል የምትፈልጉ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የሚያስነብቡትን ጽሑፍ አሳዩን በሉ። መልሱ የንግግር ልምምድ ብቻ ከሆነ ብራችሁን ያዙ።