እንስሳት በመሯቸው የጥንት ዌስተርኖች ውስጥ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ምን ቦታ ነበራቸው?

ጥያቄ፦
በድምፅ አልባው ዘመን ሆሊውድ ፈረስንና ውሻን ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ የሠራቸውን ዌስተርኖች (ስለ አሜሪካ ምዕራብና ስለ ካውቦዮች፣ ማለትም ስለ ፈረሰኛ ከብት ጠባቂዎች፣ የሚተርኩ ፊልሞች) እየተመለከትኩ ነው። ሬክስ የተባለው ጥቁር ድንጉላ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በሃል ሮች ስቱዲዮ፣ ሪን ቲን ቲን የተባለው ውሻ ደግሞ በዋርነር ብራዘርስ ፊልሞች በስማቸው ተመልካች የሚስቡ ኮከቦች ነበሩ። እንስሳን እስከዚህ ድረስ ያከበረው ኢንዱስትሪ ጥቁሮችንና የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች እንዴት አሳያቸው? መሪው እንስሳ መሆኑስ የለወጠው ነገር አለ?

መልስ 1፦
ለውጧል፤ ወደ ባሰ። እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣውን «ዘ ዴቭል ሆርስ» ይመልከቱ። እዚያ ሬክስ ገና ውርንጭላ ሳለ ከደረሰበት በደል የተነሣ ሕንዶችን (ፊልሞቹ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች የሚጠሩበት ስም ነው) አጥብቆ የሚጠላ ፈረስ ሆኖ ቀርቧል። ሰው ሰውን ሲጠላ ምክንያቱን እንመረምራለን፣ እንከራከርበታለንም፤ ፈረስ ሲጠላ ግን ደመ ነፍሱ አይሳሳትም ብለን እንቀበለዋለን፤ ፊልሙም የአንድን ሕዝብ ጠላትነት የተፈጥሮ እውነት ያስመሰለው በዚህ መንገድ ነው። ፈረሱ ትዝታ፣ ወዳጅነትና ቂም ሲኖረው፣ ሕንዶቹ ከማሳደድና ከመዝረፍ ያለፈ ታሪክ የላቸውም። ዋናውን ሕንዳዊ ባላጋራ የተጫወተው ሮበርት ኮርትማንም ነጭ ነበር።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ዘመኑ እንዲያ ነበር» የሚለው ማመካኛ አብሮ እንዳይገባ እሠጋለሁ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሆ-ቸንክ ተወላጅ የሆነችው ሊሊያን ሴንት ሲር ሬድ ዊንግ በሚለው ስሟ እ.ኤ.አ. በ1914 በሆሊውድ በተሠራ ረጅም ፊልም ላይ በዋና ሚና ተጫውታለች፤ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1911፣ የነባር ሕዝቦች ተወካዮች በፊልም ላይ የሚሳሉበትን መንገድ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ተቃውመዋል። ስለዚህ የ1920ዎቹ ስቱዲዮዎች ሌላ ምርጫ እንዳለ ያውቁ ነበር። የኖብል ጆንሰንም ጉዳይ ሊታይ ይገባዋል፦ የፈረስ አሠልጣኝ ልጅ የሆነው ይህ ጥቁር ተዋናይ በታላላቆቹ ስቱዲዮዎች አንድ ጊዜ ሕንዳዊ፣ ሌላ ጊዜ ሜክሲኳዊ ሆኖ ሲቀርብ፣ ጥቁር ሰውን እንደ ጀግና ለማሳየት ግን እ.ኤ.አ. በ1916 ሊንከን የተባለውን የፊልም ኩባንያ ከሌሎች ጋር ራሱ ማቋቋም ነበረበት።

መልስ 3፦
ከስቱዲዮዎቹ ውጭ ያለውን ካነሣን ቢል ፒኬት ሊረሳ አይገባም። የቴክሳሱ ጥቁር ካውቦይ የከብት ውሾች በሬን ከንፈሩን ነክሰው ጸጥ ሲያሰኙት አይቶ፣ ከሚጋልበው ፈረስ ላይ ዘሎ ቀንዱን ይዞ፣ ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ መጣልን የራሱ ጥበብ አደረገው ይባላል (ዛሬ በሮዲዮ፣ ማለትም በካውቦዮች የክህሎት ውድድር፣ የሚታየው በሬ የመጣል ውድድር ከዚህ የመጣ ነው፤ ንክሻው ግን ቀርቷል)። ሪቻርድ ኖርማን የተባለ ነጭ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1922 ገደማ «ዘ ቡል ዶገር»ን እና «ዘ ክሪምሰን ስከል»ን በጥቁር ተዋንያን ለጥቁር ተመልካች ሲሠራ ፒኬት በሁለቱም ታይቷል፤ ሁለተኛው የተቀረጸውም ጥቁሮች በመሠረቷት በኦክላሆማዋ የቦሊ ከተማ ነው። ከካውቦዮቹ ሩብ ያህሉ ጥቁሮች እንደነበሩ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች ስላሉ፣ ከእውነታው የራቀው የኖርማን ሥራ ሳይሆን የሆሊውድ ነው። የ«ዘ ቡል ዶገር» ቁርጥራጮች ስለተረፉ ጠያቂው ከሬክስ ፊልሞች ጎን ለጎን ቢያዩአቸው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዱታል።