አክሰስ ፖይንት በኔትወርክ ኬብሉ በራሱ ፓወር መስጠት (ፒኦኢ)፦ ስዊች ልግዛ ወይስ ኢንጀክተር?

ሜሪ_ሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ የሚያውቅ ሰው ይርዳኝ። ሐዋሳ ላይ የቤተሰብ ገስት ሀውስ አለን ጂ ፕላስ 3 ነው፣ ጓሮ ደሞ ሰርቪስ ቤት አለ ኩሽናውና ሁለት ተጨማሪ ክፍል ያሉበት። ዋይፋዩ ምድር ላይ ሪሴፕሽን ጋ ካለው ራውተር ብቻ ነው የሚወጣው፣ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ የለም፣ እንግዶች ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ቪዲዮ ኮል ሲያወሩ ማየት በጣም ነው የሚያሳፍረው። ስለዚ 1ኛ 2ኛ እና 3ኛ ፎቅ ኮሪደር ኮርኒስ ላይ አንድ አንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ልናስር ነው፣ ከተቻለ አንድ ደሞ ለሰርቪሱ። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ዩኒፋይ ዩ6 ፕላስ የሚባለውን አክሰስ ፖይንት ይዛልኝ ትመጣለች።

ችግሩ ኮርኒሱ አካባቢ ሶኬት የሚባል ነገር የለም፣ ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳ ልሰንጥቅ ይላል ቀለም ከተቀባ ገና ዓመት ያልሞላው ቤት! በዛ ላይ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ ስለሆነ ይቆያል፣ ፎቅ ላይ የሚታሰሩት ግን በሶኬት ከሆኑ አብረው መጥፋታቸው ነው።

አንድ ልጅ በዛው በኔትወርክ ኬብሉ ኤሌክትሪኩም ይሄዳል ፒኦኢ ይባላል አለኝ። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ ሶስት ነገር አሳዩኝ፣ አንዷ ትንሽዬ ጥንድ ገመድ ነች አዳፕተር የሚሰካባት በጣም ርካሽ፣ ሁለተኛው ኢንጀክተር የሚሉት ጥቁር ሳጥን፣ ሶስተኛው ባለ 8 ፖርት ፒኦኢ ስዊች ዋጋው የሚያስደነግጥ። ልዩነታቸው ምንድነው? ደሞ 48 ቮልት በኬብሉ ሲሄድ አንድ ሰው ሳያውቅ ላፕቶፕ ቢሰካበት አያቃጥለውም?

ካሳ_ኔትወርክ፦
ሰላም ሜሪ። ከላፕቶፑ ልጀምር ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚፈራው እሱን ነው። ትክክለኛው ፒኦኢ ማለትም 802.3ኤኤፍ ወይም ኤቲ የሚል የስታንዳርድ ስም የተጻፈበት፣ ዝም ብሎ 48 ቮልት አይለቅም። መጀመሪያ ከ10 ቮልት ገደማ ያልበለጠ ትንሽ ቮልቴጅ ልኮ ማዶ ያለው ዕቃ ውስጥ 25 ኪሎ ኦም የሚሆን ሬዚስታንስ ይፈልጋል፣ እሱን ካገኘ ብቻ ነው ሙሉውን የሚለቀው። ላፕቶፕ፣ ፕሪንተር፣ ተራ ራውተር ያ ምልክት ስለሌላቸው ዳታ ብቻ ያገኛሉ፣ ምንም አይሆኑም።

አደገኛው ፓሲቭ የሚባለው ነው። እሱ ጠያቂ የለውም፣ 24 ወይም 48 ቮልቱን ሁሌም ኬብሉ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል፣ የተሰካው ምንም ይሁን ምን። ያ ነው ፖርት የሚያቃጥለው።

ስለ ዋቱ፣ ኤኤፍ በ2003 የወጣው ከስዊቹ 15.4 ዋት ይሰጣል፣ ኬብሉ ላይ የሚጠፋው ተቀንሶ ዕቃው ጋ 12.95 ይደርሳል። ኤቲ የ2009ኙ 30 ዋት ሰጥቶ 25.5 ያደርሳል። ከዛ በላይ ቢቲ የሚባል የ2018 አለ እስከ 90 ዋት፣ ላንቺ አያስፈልግም እርሺው። ዩ6 ፕላስ ቢበዛ 9 ዋት ነው የሚበላው ስለዚ ኤኤፍ በቂ ነው። እህትሽ ግን ሱቅ ገብታ ሀሳቧን ቀይራ ዩ6 ፕሮውን ካመጣችልሽ እሱ ኤቲ ነው የሚጠይቀው፣ ቀድመሽ ንገሪያት። ደሞ እነዚህ ካርቶናቸው ውስጥ ኢንጀክተር (በተራ ስዊችና በዕቃው መሃል ገብቶ ለአንድ ኬብል ፓወር የሚጨምረው ሳጥን፣ ፒኦኢ ስዊች ይሄንኑ በራሱ ፖርቶች ላይ ያደርጋል) አይመጣም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ አዳፕተርም የላቸውም፣ ከፒኦኢ ውጪ መነሻ የላቸውም።

ዳኒ_ሽቦ፦
እኔ ደሞ ሌላ ነገር ልበል ሰው ለምን ይሄን ያህል ብር እንደሚያወጣ አይገባኝም። ያቺ ርካሿ ጥንድ ገመድ ስፕሊተር ነች፣ ኬብል ውስጥ 8 ሽቦ አለ፣ 100 ሜጋቢት ኢንተርኔት የሚጠቀመው 4ቱን ብቻ ነው፣ ቀሪዎቹን 4ና 5 ፖዘቲቭ 7ና 8 ኔጌቲቭ አድርገሽ ባለ 12 ቮልት አዳፕተሩን ታች ትሰኪና ኤሌክትሪኩ ላይ ይወጣል በቃ። ስንት ካፌ በዚ ሰርቼ እየሰራ ነው። የገስት ሀውስ ኢንተርኔት ከ100 ሜጋ በላይ አይሆን፣ ጊጋ ምን ያደርጋል?

ሰብለ_አይቲ፦
ዳኒ ካፌ ውስጥ 8 ሜትር ኬብልና ትንሽ ባለ 5 ዋት አክሰስ ፖይንት ከሆነ ልክ ነህ ይሰራል። እዚ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ ዩ6 ፕላስ 12 ቮልት አይቀበልም ከ44 ቮልት በላይ ነው የሚፈልገው ስለዚ ያቺ ገመድ ለሜሪ ገና ከጅምሩ አትሆንም። ሁለተኛ ሂሳቡን እይ፣ ከሪሴፕሽን 3ኛ ፎቅ ኮሪደር ኬብሉ ሲዞር ሲዞር 30 ሜትር አያንስም፣ በሁለት ጥንድ ሽቦ ደርሶ መልስ 2.5 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው ንጹህ መዳብ ሆኖ ነው ይሄ። 12 ዋት በ12 ቮልት ስትልክ 1 አምፔር ነው፣ 2.5 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ፣ ላይ የሚደርሰው 9.5 ነው። በ48 ቮልት ስትልክ ያው 12 ዋት ሩብ አምፔር ብቻ ነው የሚሆነው፣ የሚቀረው 0.6 ቮልት፣ ማንም አይሰማውም። 48 ቮልት የተመረጠው ለዚ ነው።

ለዚ ነው እኮ ብዙ ቦታ "ዋይፋዩ ማታ ማታ ይቆራረጣል" የሚባለው። ቀን ሰው የለም ዕቃው ትንሽ ነው የሚበላው፣ ማታ እንግዳው ሁሉ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት የሚስበው ከፍ ይላል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ አክሰስ ፖይንቱ ሬስታርት ያደርጋል፣ ከዛ ሰው ቴሌ ላይ ይደውላል።

ሜሪ አንቺ ግን ከስዊቹ በላይ መጨነቅ ያለብሽ ኬብሉ ላይ ነው። ገበያ ላይ ካት 6 (የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው፣ ካት 5ኢ ከሱ በታች ያለው) ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ስንቱ ሲሲኤ ነው፣ አልሙኒየም ሽቦ ላዩን መዳብ የተቀባ። ዳታ ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክ ሲሄድበት ግን ሬዚስታንሱ ከመዳብ ከ50 በመቶ በላይ ስለሚበልጥ ይሞቃል፣ ክሪምፕ ስታደርጊውም (ጫፉ ላይ ኮኔክተር ስታስሪበት) ቶሎ ይሰበራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኚ። አንድ ሽቦ ልጠሽ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጊው፣ ውስጡ ብርማ ከሆነ አልሙኒየም ነው፣ ከቀላ መዳብ ነው። ካርቶኑን ራሱ አንስተሽ መዝኚው ደሞ፣ ያው 305 ሜትር ሆኖ ሲሲኤው በጣም ይቀላል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ካነሳሻቸው እጅሽ ይነግርሻል። ካት 5ኢ ንጹህ መዳብ ከሲሲኤ ካት 6 ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ሜሪ_ሐዋሳ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ምላጩን ነገር ዛሬውኑ ሄጄ አየዋለሁ ሻጩ ደስ ባይለውም። ሶስት ነገር ልጨምር፣ አንደኛ ስዊቹ ላይ ብራንድ የለውም "ፒኦኢ 48ቪ" ብቻ ነው የሚለው፣ ፓሲቭ ይሁን ትክክለኛው እንዴት አውቃለሁ? ሁለተኛ ዩፒኤሳችን 650 ቪኤ ነው ይችላል? ሶስተኛ ወደ ሰርቪሱ በግቢው አየር ላይ ኬብል ብስብ ችግር አለው? 25 ሜትር ገደማ ነው።

ካሳ_ኔትወርክ፦
ለአንደኛው፦ አንድ ጫፉ ክሪምፕ የሆነ ሌላው ጫፉ የተቆረጠ ትርፍ ኬብል ይዘሽ ሂጂ፣ ስዊቹን አስበሪ፣ ፖርቱ ላይ ሰክተሽ ሽቦዎቹን በመልቲሜትር ለኪ። በቲ568ቢ (የሽቦ ቀለም አደራደር ነው) ከታሰረ ሰማያዊዎቹ ከቡናማዎቹ፣ እሱ ዜሮ ከሆነ ብርቱካንማዎቹ ከአረንጓዴዎቹ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ስዊች ፓወሩን በዳታዎቹ ሽቦዎች ነው የሚልከው። ያለ ምንም ዕቃ ቀጥ ያለ 48 ቮልት ካሳየሽ ፓሲቭ ነው ተይው። ትንሽ ቁጥር ብልጭ ጥፍት የሚል ከሆነ እየፈለገ ነው ማለት ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው።

ፖርት ከመቁጠር በላይ ደሞ ጠቅላላ ዋቱን ጠይቂ፣ ባጀት ይሉታል። 8 ፖርት እያንዳንዱ 30 ዋት ተብሎ ተጽፎ ጠቅላላው ግን 60 የሆነ ሞልቷል። ላንቺ 4 ጊዜ 9 ማለት 36 ዋት ነው ይበቃል፣ ግን አንዳንድ ስዊች የሚበላውን ሳይሆን ዕቃው ያለበትን ክላስ (የዋት ደረጃ) አይቶ ለእያንዳንዱ 15.4 ይይዛል፣ 4ቱ ሲደመሩ 61.6 ስለሚሆን አራተኛውን እምቢ ሊልሽ ይችላል። 65 እና ከዛ በላይ ከሆነ ነገር አለቀ።

ዩፒኤሱ፦ 650 ቪኤ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው፣ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ በመቀየር የሚባክነው ሲወጣ 55 ብትይው። አክሰስ ፖይንቶቹ፣ ስዊቹ ራሱና ራውተሩ አንድ ላይ 50 ዋት ገደማ ይሆናሉ፣ ስለዚ አዲስ ባትሪ ከሆነ አንድ ሰዓት አካባቢ ይሄዳል። ባትሪው ሁለት ሶስት ዓመት ከቆየ ግማሹንም አትጠብቂ። ዋናው ጥቅም ግን ሁሉም ከአንድ ቦታ ስለሚበላ ነገ ትልቅ ባትሪ ወይም ኢንቨርተር ብትገዢ ማስቀመጥ ያለብሽ ሪሴፕሽን ጋ ብቻ ነው፣ ፎቅ ላይ የምትነኪው ነገር የለም።

ዳኒ_ሽቦ፦
እሺ ስለ ስፕሊተሩ ሰብለ አሳመነችኝ ለ12 ቮልት ዕቃ ብቻ ይሁን። ግን ስዊችም ግዴታ አይደለም፣ 3 አክሰስ ፖይንት ብቻ ከሆነ 3 ኤኤፍ ኢንጀክተር ገዝተሽ ካለሽ ተራ ጊጋ ስዊች አጠገብ ዲቫይደር ላይ ደርድሪያቸው፣ ዲቫይደሩን ዩፒኤሱ ላይ። አንዱ ቢቃጠል አንዱን ነው የምትቀይሪው፣ ስዊቹ ሲቃጠል ግን ገስት ሀውሱ በሙሉ ነው የሚጨልመው። ሽቦው ይዝረከረካል እሱን አልክድም።

ሰብለ_አይቲ፦
ይሄ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ኢንጀክተሩ "ጊጋቢት" የሚል መሆኑን ብቻ አረጋግጪ የ100 ሜጋው ብዙ ነው ገበያ ላይ። እኔ ግን ብሩ ካለ ማኔጅድ ስዊች ነው የምመርጠው፣ አክሰስ ፖይንት ሲደርቅ ፖርቱን ከስልክሽ አጥፍተሽ ታበሪዋለሽ መሰላል አትፈልጊም። ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻ እንዳትቆልፉበት ይግላል።

ሰርቪሱን ካሳ ዘለለው። እኔ በአየር ላይ መዳብ ባትስቢ ደስ ይለኛል። ክረምት ላይ የሐዋሳ ነጎድጓድ ሲጀምር መብረቅ ኬብሉን መምታት ራሱ አይጠበቅበትም፣ አቅራቢያ ቢወርድ ግቢ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ስዊቹን ከነፖርቶቹ ይዞት ይሄዳል፣ ያኔ ከሰርቪሱ ጋር 3ቱም ፎቅ ይጠፋል። ፋይበር ሳቢበት በሁለቱ ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበሩን ከተራ ኔትወርክ ኬብል ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) አድርገሽ። ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አይወስድም፣ እዛ ኩሽናው ሶኬት ስላለው አንድ ኢንጀክተርና አንድ ኮንቨርተር እዛው ይሰካሉ፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቪሱ ብቻ ይጠፋል ማለት ነው። የግድ መዳብ ካላችሁ የውጪ ኬብል ጥቁሩን፣ ከተቻለ መሬት ውስጥ በፒቪሲ ቱቦ፣ በሁለቱም ጫፍ ለፒኦኢ የሚሆን ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅን ወደ መሬት የሚመልስ) ከግራውንድ ዘንግ ጋር በደንብ የታሰረ። ግራውንድ የሌለው ሰርጅ ፕሮቴክተር ጌጥ ነው።

ሜሪ_ሐዋሳ፦
ሱቅ ደርሼ መጣሁ። ካት 6 ያለኝን ስፍቀው ብርማ ነው፣ ሻጩ "ይሄ አዲሱ ቴክኖሎጂ ነው" አለኝ ሳቄ መጣ። ሌላ ሱቅ ቀይ የሆነ ካት 5ኢ አግኝቻለሁ ካርቶኑ ለብቻዬ አይነሳም። ስዊቹን በመልቲሜትር ልለካው ስል ፈቃደኛ አልሆነም ስለዚ ትቼው ወጣሁ፣ ለፎቆቹ በ3 ጊጋቢት ኢንጀክተር እጀምራለሁ። ሰርቪሱን በፋይበር አደርገዋለሁ ግን ከክረምት በፊት ይድረስ አይድረስ እንጃ። ሐዋሳ ውስጥ ፋይበር የሚበይድ የምታውቁት ባለሙያ ካለ በውስጥ ጻፉልኝ።

ካሳ_ኔትወርክ፦
ለ25 ሜትር ብየዳ አያስፈልግሽም፣ ሁለቱም ጫፉ ተሰርቶ የሚሸጥ ፓች ገመድ አለ 30 ሜትሩን ግዢ፣ ለውጪ የሚሆነውን፣ ቱቦ ውስጥ ስታስገቢው ጫፉን በላስቲክ ጠቅልይው። ኮንቨርተሮቹ ሲንግል ሞድ (አንዱ የፋይበር ዓይነት) ከሆኑ ገመዱም ሲንግል ሞድ ይሁን፣ የኮኔክተሩ ዓይነትም ኮንቨርተሩ ላይ ኤስሲ ከሆነ ገመዱም ኤስሲ።

ሜሪ_ሐዋሳ፦
ኧረ ተመስገን! ነገ እጠይቃለሁ።