በአኮማ አምባ ላይ፦ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፎቶ መከልከሉ ልክ ነው?

ከዴንቨር (ጥያቄውን ያቀረበው)

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ለክርክር ላቅርበው። ባለፈው ሳምንት ሰባት ሰዓት ተኩል ነድቼ ኒው ሜክሲኮ ሄድኩ፤ አኮማን ለማየት። ለማታውቁት፣ አኮማ ከአልበከርኪ በስተምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የነባር ሕዝብ መንደር ነው። የተቆረቆረው ከሜዳው 110 ሜትር ያህል ከፍ ባለ፣ አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ ዓለት ላይ ነው። የኛ ሰው ቢያየው ሌላ ስም አያወጣለትም፤ አምባ ነው። እዚያ ላይ ሳን እስቴባን ዴል ሬይ (ንጉሡ ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው) የሚባል የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን አለ። ስፔን አገሩን በያዘችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1629 ጀምሮ፣ ሁዋን ራሚሬዝ በሚባል ፍራንሲስካን መነኩሴ መሪነት አኮማዎች በእጃቸው የሠሩት ነው።

ፈቃድ ይዤ ነው የወጣሁት። ውጪውን እንደ ልቤ አነሣሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ግን አስጎብኚያችን ቆመችና «ከዚህ ወዲያ ካሜራም ስልክም የለም፤ መቃብሩንም እንዳታነሡ» አለችን። ገባሁ። ወለሉ አፈር ነው። ወንበር የሚባል የለም። ግድግዳው ነጭ ነው፤ የበቆሎና የቀስተ ደመና ሥዕል አለበት። ከላይ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን እንደ ጋቢ አፈሩ ላይ ተዘርግቷል። እጄ ሁለት ጊዜ ወደ ካሜራው ሄዶ ተመለሰ።

እኔ ክልከላው ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ቤቱ ከ1970 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ቅርስ ደግሞ የሁሉም ነው። ለጉብኝቱ ገንዘብ ተቀብሎ ዋናውን ነገር መከልከል አልገባኝም። እናንተስ?

ከዳላስ (ሠርግ ፎቶ አንሺ)

ወንድሜ፣ ልክ ብለሃል። እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ቤቱ ጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ ይፈርሳል፣ እንጨት ይቃጠላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1771 የተመሠረተው የሳን ገብርኤል ሚሲዮን በ2020 ሐምሌ ላይ ጣሪያው በእሳት ወደመ። ለእድሳት ተብሎ ሥዕሎቹ ቀድመው ባይወጡ ኖሮ እነሱም አይተርፉም ነበር። ነገ አንድ ነገር ቢደርስ የአኮማውን ምን አይተን ነው የምናስታውሰው? የማይነሣ ቅርስ ሁለቴ ይሞታል።

ከአልበከርኪ (የታሪክ መምህርት)

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ከተማ 19 ዓመት ኖሬአለሁ፤ አኮማም ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። ወንድሞቼ፣ ስለ 1599 ሳናነሣ ስለዚህ ቤት ፎቶ መከራከር አንችልም።

በ1598 መጨረሻ ላይ የስፔን ወታደሮች እህልና ልብስ ፍለጋ አምባው ላይ ወጡ። ጠብ ተነሣ። የወታደሮቹ አለቃና አብረውት የነበሩ ሰዎች ተገደሉ። በቀጣዩ ጥር፣ ገዥው ሁዋን ደ ኦኛቴ የሟቹን ወንድም አዝምቶ አኮማን አስመታ። 800 ያህል ሰው አለቀ። ከዚያ ፍርድ ተባለ። ከ25 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች አንድ እግራቸው እንዲቆረጥና 20 ዓመት በባርነት እንዲያገለግሉ ተፈረደባቸው። 60 ያህል ልጃገረዶች ወደ ሜክሲኮ ተወሰዱ። ኦኛቴ ራሱ ኋላ በገዛ መንግሥቱ ተከሶ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ የተጀመረው ከዚያ በ30 ዓመት ነው። ማን ሠራው? እግራቸው የተቆረጠባቸው ሰዎች ልጆች። የጣሪያው ግንዶች የመጡት ከቴይለር ተራራ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሰው ትከሻ። አምባው ዓለት ስለሆነ መቃብር አይቆፈርበትም። ስለዚህ የመቃብሩን አፈር በሙሉ ከሜዳው ተሸክመው አወጡት። ዴንቨር፣ ያን የመቃብር አጥር አይተኸዋል? ላዩ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ለኔ ያስጎበኙኝ እናት ያሉኝ እንዲህ ነው፦ ቀዳዳዋ የተተወችው ተወስደው የቀሩት ልጆች ነፍስ ወደ ቤቱ እንዲመለስባት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሌላው ጎብኚ እንዳይሰማ አልነበረም። እዚያ ቦታ የሚወራው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

እዚህ አገር ቁስሉ አልደረቀም። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ ሌሊት ሰዎች የኦኛቴን ሐውልት ቀኝ እግር ቆርጠው ሄዱ። አራት መቶ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። እና «የሁሉም ቅርስ» ስንል ማን የከፈለበትን ነው የምንካፈለው?

ከዳላስ

እህቴ፣ ታሪኩ ያማል። አላወቅሁትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን ከዚህ ተነሥቶ «ፎቶ አይነሣ» የሚለው እንዴት ይመጣል? እኔ እንዲያውም ተቃራኒው ነው የሚታየኝ። ሰው ይህን በደል እንዳይረሳ ምስሉ ሊኖር ይገባል።

ከቱሳን (የሥነ ሕንፃ ተማሪ)

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ማስረጃ የለም የሚለው ስጋት ልክ አይመስለኝም። በ1934 የአሜሪካ መንግሥት የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥናት ባለሙያዎች አኮማ ወጥተው ቤቱን ለክተዋል፣ ነድፈዋል፣ ፎቶ አንሥተዋል። ሰነዱ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ማንም ያየዋል። ስለዚህ የዴንቨሩ ወንድማችን ሌንስ ቢቀር ቤቱ ያለ መዝገብ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ነገሩ «ነባር ሕዝብ ካሜራ ይጠላል» ተብሎ እንዳይወሰድ። እኔ ያለሁበት ከተማ አጠገብ ሳን ሃቪየር ዴል ባክ የሚባል የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን አለ። ቦታው በ1692 አባ ኪኖ የመሠረቱት ነው፤ አሁን የቆመው ሕንፃ ከ1783 እስከ 1797 የተሠራ ነው። እሱም ቶሆኖ ኦኦዳም የሚባል ነባር ሕዝብ መሬት ላይ ነው ያለው። እዚያ ግን ቅዳሴ እስካልሆነ ድረስ ውስጡንም ታነሣለህ። ግንቡን ስታነሡ ምርጊቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በፊት በሲሚንቶ ለስነውት እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ግድግዳውን እየበላው ነበር። አሁን ወደ ድሮው ተመልሰው ኖራ ከቁልቋል ጭማቂ ጋር ቀላቅለው ነው የሚመርጉት። እጄን አሳርፌበት አውቃለሁ፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው የሚለሰልሰው።

እና አንዱ ይፈቅዳል፣ አንዱ ይከለክላል። ሁለቱም የራሳቸው ውሳኔ ነው።

ከላስ ቬጋስ (ዲያቆን)

እኔ ወደኛው ቤት ልውሰዳችሁ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታት ብሪቲሽ ሙዚየም አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። እንዲህ እንዲሆን ያስደረገው የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ያኔ አንዳችንም «የዓለም ቅርስ ነው፣ ይታይ፣ ይነሣ» አላልንም። ይመለስልን ነው ያልነው። ለራሳችን የጠየቅነውን ክብር ለአኮማ ልንነፍግ አይገባም።

ከዴንቨር

ዲያቆን፣ አከብርሃለሁ፤ ግን ታቦትና ሙሉ ሕንፃ አንድ አይደለም። እኛም ጋ መቅደሱ አይደፈርም እንጂ ቅኔ ማኅሌቱ ይነሣል። ጥምቀትን ስንቱ ቱሪስት ነው የሚያነሣው? እነሱም መሠዊያውን ብቻ ቢከለክሉ ምን አለ?

ከላስ ቬጋስ

ጥሩ ጠየቅህ። እኛ ቤት የትኛው ድረስ እንደሚገባ ድንበሩን ያሰመርነው እኛ ነን። ፈረንጅ መጥቶ «መቅደሳችሁ ትንሽ ጠበብ ይበል» ቢለን እንሰማዋለን? እነሱ ድንበራቸውን በሩ ላይ አድርገውታል። አለቀ።

ከሎስ አንጀለስ (ጡረተኛ፣ የቀድሞ የላብራቶሪ ፎቶ አጣቢ)

ልጆቼ፣ አርባ ዓመት ፊልም ያጠብኩ ሰው ነኝ፤ ከካሜራ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ሙያችን እዚያ አገር ምን እንዳደረገ ማወቅ አለብን። ኤድዋርድ ከርቲስ የተባለው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ በ1904 አኮማ ወጥቶ ሴቶቹን ውኃ ሲቀዱ አንሥቷል። ውብ ፎቶ ነው፤ አልክድም። ያው ሰው ግን ሌላ ቦታ፣ ፒጋን የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ድንኳን ውስጥ ባነሣው ፎቶ ላይ፣ በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረችውን ሰዓት ከምስሉ አጥፍቷታል። ዘመናዊ ዕቃ ካላቸው «እውነተኛ ቀይ ሕንዳዊ» አይመስሉማ! እነዚያ ሰዎች በኛ ፎቶ ውስጥ ሰዓት እንኳ እንዲኖራቸው አልተፈቀደም። ሆፒ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ደግሞ ጸሎታቸው መሐል ትራይፖድ የተከለ ሰው ስለበዛባቸው ካሜራን ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ከልክለዋል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፦ ሰው ቤቱን ከፍቶ ቡና ቢያጠጣህ መኝታ ቤቱን አንሣ ማለቱ ነው? የከፈልከው ለመግባትና ለማየት ነው። አይተሃል።

ከዳላስ

ጋሼ፣ እርስዎን መከራከር ይከብዳል፤ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የአኮማ ጋሻ የሚባለውን ያውቁታል? በ1970ዎቹ ከአምባው ተሰርቆ ጠፋ። በ2016 ፓሪስ ጨረታ ሊሸጥ ሲል ደረሱበት፤ በ2019 አገሩ ገባ። የታየው የት ነው? የጨረታው ካታሎግ ላይ፣ በፎቶ! ፎቶው ባይኖር ዛሬም የአንድ ሀብታም ሳሎን ላይ ነበር።

ከአልበከርኪ

ይሄ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ዘልዬው አላልፍም። ምስል ንብረትን ያስመልሳል። እኛም ከላሊበላ ተሰርቆ ቤልጂየም የተገኘው የአፍሮ አይገባ መስቀል ትዝ ይለናል፤ ብዙ ሰው ያውቀው ስለነበር ነው ሊደበቅ ያልቻለው። ስለዚህ ከመዝገብ ጋር ጠብ የለኝም። ጥያቄው መዝገቡ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነው። አኮማዎች የራሳቸውን ቤት ራሳቸው ቢያነሡ፣ ቁልፉንም ቢይዙት፣ የዳላሱ ስጋትም ይፈታል። እኔና አንተ ስልካችን ላይ ጭነን ለላይክ ብዛት የምንለጥፈው ግን ሌባን አያስይዝም። እንዲያውም የት ምን እንዳለ ያሳየዋል።

ከዴንቨር

እሺ። ይሄኛው ገባኝ። ስጽፍ የነበረኝ ንዴት አሁን የለም። ቁጭቱ ግን አለ፤ አልዋሽም። ያ ብርሃን አሁንም ዓይኔ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ፎቶዎቼን ሳገላብጥ አንዱ ላይ፣ የደወሉን ግንብ ሳነሣ፣ በስተግራ የመቃብሩ አጥርና ሁለት መስቀል ገብቶብኛል። ሆን ብዬ አይደለም፤ ሰፊ ሌንስ ነበር የያዝኩት። ከሁሉም የወደድኩት ፎቶ እሱ ነው። ልቁረጠው ወይስ ላጥፋው?

ከዳላስ

ቁረጠው። ግንቡ ብቻውን ይቆማል። እኔ በመሠረቱ አሁንም አልተስማማሁም፤ ሕግ ሲሆን ግን አከብራለሁ።

ከአልበከርኪ

እኔ አጥፋው ነው የምለው። ብትቆርጠውም ዋናው ፋይል አንተ ጋ አለ። ለምን አጥፋው እንዳልኩህ ልንገርህ፤ እዚያ አፈር ውስጥ ያሉት ሰዎች ቤተሰቦች ዛሬም አሉ፣ አምባው ላይም የሚኖሩ አሉ። የራስህ እናት መቃብር ቢሆን ብለህ አስበው።

ከዴንቨር

አጠፋሁት። ካርዱ ላይ ያለውንም። በቀጣዩ ወር ኤግዚቢሽን የማቀርበው ከታች ከመንገዱ ያነሣሁትን ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አምባው እንዳለ ቀልቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ላዩ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ይታያል።

ከላስ ቬጋስ

እኔ ደግሞ በዚህ ክርክር ልቤ ተነሣሥቷል። የንጉሡ ቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ሴፕቴምበር 2 ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለውጭ ሰው ክፍት ነው? ካሜራስ?

ከአልበከርኪ

ክፍት ነው ዲያቆን። ካሜራ ግን በዚያ ቀን ጭራሽ የለም፤ ውጪውንም አይነሣም፣ ስልክም አይወጣም። መኪናው ውስጥ ተወው። ጸሎት አለ፣ የቅዱሱን ምስል ይዘው ይወጣሉ፣ ጭፈራው ቀኑን ሙሉ ነው። ውኃና ባርኔጣ አትርሳ፤ ላይ ላይ ጥላ የለም። በጭቃ ምድጃ የጋገሩት ዳቦ ይሸጣል፤ ከመውረድህ በፊት ሁለት ግዛ፣ አንዱን ለኔ። አልበከርኪ ስትደርስ ቡናው ተፈልቶ ይጠብቅሃል።