ኮምቦልቻ ላይ ሳይክል እንዴት ነው የምትጠብቁት?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ኮምቦልቻ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ተከራይ ስለሚበዛ የግቢው በር ሌሊትም ክፍት ያድራል። ሳይክሌን በቀጭን የሽቦ ቁልፍ በረንዳ ላይ አስሬ ነው የማሳድራት። ይበቃል?

መልስ 1፦ አይበቃም ወንድሜ። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጦ መሄድ ቀላል ነው። ወፍራም ሰንሰለትና ጠንካራ ጓጉንቸር ግዛ። ስታስር ደግሞ ጎማውን ብቻ እንዳይሆን፣ ጎማው ተፈቶ ይቀርና ቴላዮው (ዋናው የብረት አካሏ) ይሄዳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከመስኮቱ ብረት ጋር እሰራቸው። ቤትህ ቢጠብም ማታ ወደ ውስጥ ብታስገባት ይሻላል።

መልስ 2፦ እኔ ደሴ ነኝ። ገበያ ስትወጣ ሰው የሚያይበት ቦታ አቁማትና ባለሱቁን አደራ በለው። አሁን እመለሳለሁ ብለህ ግን ሳትቆልፍ እንዳትገባ!

መልስ 3፦ ከሁለቱ ፔዳሎች መሃል ሥር፣ ቴላዮው ላይ ብዙ ጊዜ የተመታ መለያ ቁጥር አለ። ፎቶ አንሳው፣ ደረሰኙንም አስቀምጥ። ከጠፋች ለፖሊስ ያንተ መሆኗን የምታሳየው በሱ ነው።

ጠያቂው፦ አላህ ይስጣችሁ፣ ሰንሰለቱን ነገ እገዛለሁ።