«ቀላል ካርድ፣ ቀላል ሰርግ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዘንድሮ ሙሽራ፦
ትናንት እዚሁ የተጻፈ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንዲት ልጅ የሰርጓን ካርድ ቤቷ ቁጭ ብላ እየሠራች መሆኑን ነግራን፣ ፎቶ ለጥፋ ምክር ጠየቀች። ከመልሶቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ቀላል ካርድ፣ ቀላል ሰርግ። ቤቱ ወረቀት ቆርጦ የሚልክ ሰው እንግዳውን አያከብርም።» ልጅቷ ወዲያው ጽሑፏን አጠፋችው። ምክሩንም ሳታገኝ ቀረች።

እኔም ከሁለት ወር በኋላ አገባለሁ። ካርዱን የምንሠራው እኔና እጮኛዬ ነን። ያለን ገንዘብ የተቆጠረ ነው፤ ትዳር በብድር መጀመር አንፈልግም። ታዲያ ማንን ነው የናቅነው? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

አታሚው፦
ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ማጥፋቷ አሳዝኖኛል። ቃሌን ግን አላነሳም። ማተሚያ ቤት ስሠራ 12 ዓመቴ ነው። ከሰርጉ ሁሉ አስቀድሞ እንግዳው እጅ የሚገባው ካርዱ ነው። ሰው ካርድ ሲቀበል ሳያውቀው በእጁ ይመዝነዋል። የሳሳ፣ ጠርዙ የተንሻፈፈ፣ ቀለሙ ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ «እነዚህ ሰዎች አልተዘጋጁም» ይላል። ደግሞ ቤት ሞክረው አበላሽተው፣ ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እያለቀሱ የሚመጡትን የማየው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ከፍለው ማለት ነው።

የሙሽራዋ እህት፦
«በእጁ ይመዝነዋል» ያሉት ላይ ልቁም። የእህቴን ካርድ የሠራሁት እኔ ነኝ። 120 ካርድ። ስማቸውን በእጄ ጻፍኩ፣ እያንዳንዱን አንድ በአንድ። አንዲት አክስታችን ካርዱን እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች። «ስሜን በእጅ የጻፈልኝ ሰው ከነበረ ስንት ዓመቱ» አለችኝ። እሷ ምን መዘነች? ወረቀቱን ነው?

የቤት ሒሳብ፦
ክብደቱ ከተነሣ በቁጥር እንነጋገር። 300 ግራም የሚባለው ወረቀት አንድ ካሬ ሜትሩ 300 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ኤ6 የሚባለው ካርድ፣ የተራው ኤ4 ወረቀት ሩብ፣ የካሬ ሜትር አንድ ስልሳ አራተኛ ነው። ስለዚህ ያ «ከባድ» ካርድ 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ተራው የ80 ግራም ወረቀት በዚያው መጠን ሲቆረጥ 1 ግራም ከሩብ ነው። ክብራችን ያለው ከ4 ግራም በማያልፍ ልዩነት ውስጥ ነው ወይ?

አታሚው፦
ወንድሜ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፣ እጅ ግን ሒሳብ አይሠራም። ሁለቱን ካርድ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ስጠው፤ የትኛው እንደ ጥሪ፣ የትኛው እንደ በራሪ ወረቀት እንደሚሰማው ይነግርሃል።

ዘንድሮ ሙሽራ፦
እሺ፣ ወፍራሙን ወረቀት እኔም ገዝቼ ቤቴ ማተም እችላለሁ። ያኔ ካርዴ ቀላል ነው ወይስ ከባድ? ያሉት ስለ ወረቀቱ ከሆነ ተስማምተናል። ስለ እኛ ከሆነ ግን አልተስማማንም። እርስዎ የጻፉት «አያከብርም» ብለው ነው።

ፊደል ለቃሚ፦
ችግሩ ያለው «ቀላል» የሚለው ቃል ላይ ነው። ክብደት የሌለውም ቀላል ነው፣ የማያስቸግረውም ቀላል ነው። «ቀላል ሰው» ሲባል ግን ስድብ ነው። አታሚው የመጀመሪያውን ይዘው ተነሥተው ሦስተኛው ላይ አረፉ። ልጅቷ ያነበበችው ሦስተኛውን ነው። እኔም ብሆን እሱን ነበር የማነበው።

አታሚው፦
እኔ ያልኩት ሰርጉን እንጂ ሰውን አይደለም።

ፊደል ለቃሚ፦
ሰርጉ የማን ነው ታዲያ?

እናት ነኝ፦
ልጆቼ፣ እኔ ከአታሚው ጋር ነኝ። ሁለት ልጅ ድሬአለሁ። ለእኛ ለወላጆች ካርዱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። የምናዳርሰው እኛ ነን። በር አንኳኩተን በሁለት እጃችን የምንሰጠው እኛ ነን። እጃችን ሳያፍር እንዲሰጥ እንፈልጋለን። ይሄ ኩራት አይደለም።

የሙሽራዋ እህት፦
እማማ፣ ስሜትዎን አከብራለሁ። ግን እኔ የሠራሁትን ካርድ እናቴ በኩራት ነው ያዳረሰችው። «ልጄ ናት የሠራችው» እያለች። በየበሩ ከካርዱ በፊት የምታወራው ያንን ነበር።

እናት ነኝ፦
ያንቺ ቆንጆ ስለሆነ ነው እኮ ልጄ። ሁሉም እጅ እንዳንቺ አይደለም።

የቤት ሒሳብ፦
ቆንጆ የሚሆነው በእጅ ብቻ አይደለም፣ በእቅድም ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ልጅቷም ተመልሳ ካነበበች ይጠቅማታል።

መጀመሪያ ካርድ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በቤት ነው። ባልና ሚስት አንድ ካርድ ነው። ከወላጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ ልጆችም ስማቸውን ጨምሮ አንድ ካርድ ይበቃል። 200 ሰው ስለጠራን 200 ካርድ የሚያስፈልገን መስሎን ነበር፤ በቤት ስንቆጥረው 90 ካርድ ሆነ። ከዚያ ላይ 15 መጠባበቂያ ጨመርን። የሚበላሽ አለ፣ የሚረሳ ዘመድ ደግሞ አይጠፋም።

ቀጥሎ መጠን። ኤ4 አራት ቦታ ሲቆረጥ አራት ኤ6 ይወጣዋል። ሲ6 የሚባለው ፖስታ 114 በ162 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኤ6 ካርድ ልክ ይገባበታል። ከመደበኛው መጠን ከወጣችሁ ፖስታውንም ራሳችሁ ልትሠሩ ነው። ገንዘብም እንቅልፍም የሚበላው እሱ ነው። ሌላው ደግሞ ቀለሙ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ዲዛይን አትምረጡ። ብዙ የቤት ፕሪንተር እስከ ወረቀቱ ዳር አያትምም። ሲቆረጥ ነጭ ዳር እንዳይቀር በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቀለም ልተውለት ካላችሁ ደግሞ ከአንድ ኤ4 የምታገኙት ሁለት ካርድ ብቻ ነው። ነጭ ዳር ያለው ዲዛይን ወረቀቱን በግማሽ ያድናል።

አታሚው፦
ይሄ ልክ ነው። ይሄን የሚያውቅ ሰው ግን ከመቶ ስንት ነው?

ዘንድሮ ሙሽራ፦
አሁን አወቅነዋ። ትናንት ልጅቷ የጠየቀችው ይሄንኑ ነበር እኮ። እርስዎ 12 ዓመት የሚያውቁትን ከመንገር «አያከብርም» ማለት ቀደመዎት።

ሚዜው፦
ካነሳችሁት አይቀር፣ ኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር ያላችሁ አንጸባራቂ ወረቀት አትግዙ። ለኢንክጄት ተብሎ ካልተሠራ ቀለሙን አይጠጣም፣ በነካችሁት ቁጥር ይዛባል። ሌዘር ይሻላል።

ማታ ሠሪ፦
ሌዘር ይሻላል ብሎ መደምደም ልክ አይደለም። የሌዘር ቀለም በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ ዱቄት ነው። ካርዱ የሚታጠፍ ከሆነ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። የወንድሜ ካርድ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር አውጥቶ አይቻለሁ።

ሚዜው፦
ሳያሰምር ስላጠፈው ነው። ወፍራም ወረቀት ዝም ተብሎ አይታጠፍም። ማስመሪያ አስቀምጦ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጠበቅ አድርጎ ማስመር፣ ከዚያ ማጠፍ። የወረቀቱ ጭረት፣ ማለትም ውስጡ ያሉት ክሮች፣ የሚሄድበትን አቅጣጫም ማየት ነው፤ በጭረቱ ከታጠፈ ይታዘዛል፣ በተቃራኒው ከሆነ ይሰነጠቃል።

ማታ ሠሪ፦
እጥፋቱ ላይ ቀለም አለማድረግ አይቀልም? ወይ ጭራሽ የማይታጠፍ ካርድ መሥራት?

ሚዜው፦
አሁንም ሌዘር ይሻላል።

አታሚው፦
ሁለታችሁም የረሳችሁት አለ። ለኢንክጄት የተሠራ የፎቶ ወረቀት ሌዘር ውስጥ እንዳታስገቡ። ሽፋኑ በሙቀቱ ቀልጦ ማሽኑን ያበላሻል። 250 ግራምና ከዚያ በላይ ወረቀት ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ፕሪንተራችሁ ስንት ግራም እንደሚችል መመሪያውን እዩ። ወረቀቱን ከኋላ ቀጥ አድርጎ የሚጎርሰው ፕሪንተር ከፊት ወስዶ ከሚያጥፈው ይልቅ ወፍራሙን ይችላል።

የሙሽራዋ እህት፦
አዩ? ሲያስተምሩ ደስ ይላሉ። «ቀላል ካርድ» ከሚሉ ይሄን ቢጽፉ ኖሮ ልጅቷ እስካሁን እዚህ ነበረች።

ፊደል ለቃሚ፦
ስለ ጽሑፉ ማንም አላነሣም። የቤትም ይሁን የማተሚያ ቤት፣ ካርድን የሚያዋርደው ስሕተት ነው። ዕለቱና ቀኑ የማይገጥም ካርድ ደርሶኝ ያውቃል። ቅዳሜ ይላል፣ ቀኑ እሑድ ነው። ያ ካርድ ደግሞ በወርቃማ ቀለም የታተመ፣ ወፍራም ነበር። ከመታተሙ በፊት ስለ ሰርጉ ምንም ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። እናንተ ልባችሁ የሚያውቀውን ነው የምታነቡት። ፋይሉን ሌላ ቦታ የምታሳትሙ ከሆነ በፒዲኤፍ፣ ፎንቱ (የፊደሉ ቅርጽ ፋይል) አብሮ ተካትቶ ይሁን። ካልሆነ የእኛ ፊደል ሣጥን ሣጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

በነገራችን ላይ ሁላችሁም «ሰርግ» እያላችሁ ነው። ካርድ ላይ «ሠርግ» ቢባል ይሻላል።

ማታ ሠሪ፦
ለምን? «ሰርግ» ተብሎ የታተመ ስንት ካርድ አለ።

ፊደል ለቃሚ፦
ስለታተመ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ሚዜው፦
ዝም ብላችሁ አንዱን ምረጡ። የእኔ ጓደኛ ፖስታው ላይ በንጉሡ «ሠ»፣ ካርዱ ላይ በእሳቱ «ሰ» ጽፎ ነው የሄደው። ሁለት ሰርግ መሰለ።

ፊደል ለቃሚ፦
መምረጥ ካለባችሁ «ሠ»ን ምረጡ።

የቤት ሒሳብ፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ከማተሚያ ቤት ጋር መጣላት ለምን አስፈለገ? ኦፍሴት የሚባለው የማተሚያ ቤት የብዛት ሕትመት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይፈልጋል፤ ካርዱ 100 ይሁን 1,000 የማዘጋጃው ወጪ ያው ነው። ጥቂት ካርድ ላለው ሰው በዲጂታል፣ ያለ ፕሌት በቀጥታ ከፋይሉ፣ ማተም ይረክሳል። ዲዛይኑን ራሳችሁ ሠርታችሁ፣ ማተሙን ብቻ ውጭ ማሠራት ይቻላል። መቁረጡንም እንዲሁ። አንድ ሙሉ ጥራዝ ወረቀት በማሽን የሚቆረጠው ባንድ ጊዜ ነው፤ በእጅ ግን የብረት ማስመሪያና አዲስ ምላጭ ይዞ፣ ቀስ እያሉ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ነው።

ማታ ሠሪ፦
ለዚህ ሁሉ ከምንደክም በስልክ መልእክት ቢላክስ? ምስሉን መሥራት፣ ለሁሉም መላክ። ወጪ የለ፣ መቁረጥ የለ።

እናት ነኝ፦
በስልክ የተጠራ ሰው ተጠራሁ አይልም። ለእኩዮቻችሁ ይሁን። ለታላላቆቻችሁ ግን አታድርጉት፣ እባካችሁ።

ዘንድሮ ሙሽራ፦
እኛ ያሰብነው እንደሱ ነው እማማ። ለጓደኞቻችን በስልክ፣ ለታላላቆቻችን በእጅ የሚሰጥ ካርድ። የምንሠራውም በዚያ ምክንያት 60 ብቻ ሆነ።

የመጨረሻዋ ልጅ፦
አንድ ያልተነሣ ነገር አለ፣ እሱ ያናድደኛል። «ቤት ሠራነው፣ ረከሰ» ሲባል የማን ጉልበት ነው የረከሰው? የወንድሜ ሰርግ ጊዜ ካርዱን የሠራነው ሦስት ሴቶች ነን። አራት ሌሊት። ሙሽራው አንድም ወረቀት አላጠፈም። ከዚያ «ምንም ወጪ አላወጣንም» ብሎ ለሰው አወራ። ምንም?

የሙሽራዋ እህት፦
እውነትሽን ነው። እኔም ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። እህቴ ግን አብራኝ ትቆርጥ ነበር። ለብቻዬ ቢሆን እንደ አንቺ ነበር የምናደደው።

አታሚው፦
ይኸው! እኔ የምለው ይሄንን ነው። የጉልበቱ ዋጋ ቢቆጠር ቤት መሥራት አይረክስም።

የመጨረሻዋ ልጅ፦
እርስዎ ያሉት ይሄንን አይደለም። እርስዎ ያሉት እንግዳ ተናቀ ነው። እኔ የምለው እኛ ተናቅን ነው። የእኔን ድካም ለእርስዎ ክርክር አይውሰዱት።

ዘንድሮ ሙሽራ፦
እጮኛዬ አሁን አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያነበበ ነው። መቁረጡ የሱ ነው፣ ማስመሩና ማጠፉ የኔ፣ ስም መጻፉ የሁለታችን። የሱን ወገን እሱ፣ የኔን እኔ እጽፋለሁ። ማንም ሌሊት አያድርልንም።

አታሚው፦
ለእናንተ አንድ ነገር ላድርግ። 60 ካርድ ለመቁረጥ ምንም አልጠይቅም። ወረቀቱንም በጅምላ በምገዛበት ልስጣችሁ። በውስጥ ጻፉልኝ።

እናት ነኝ፦
እግዚአብሔር ይስጥዎት። ይሄ ነው ወግ።

ፊደል ለቃሚ፦
ጥሩ ነው። ቃሉንስ ያነሣሉ?

አታሚው፦
ስለ ካርዱ ያልኩትን አላነሳም። ቀላል ካርድ ቀላል ነው።

የቤት ሒሳብ፦
እና ሰርጉስ?

አታሚው፦
ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ሙሽራ፦
ለግብዣዎ ከልብ አመሰግናለሁ፣ በጎ ነገር ነው። ግን አልመጣም። ያቺ ልጅ ጽሑፏን ያጠፋችው በእርስዎ ቃል ነው። እዚሁ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ «ሰርግሽ ቀላል አይደለም» ብለው ከጻፉላት፣ ያን ዕለት ወረቀቴን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ምላጭ ገዝተናል።

ሚዜው፦
ምላጫችሁ ጫፉ የሚሰበር ዓይነት መቁረጫ ከሆነ ጫፉን ቶሎ ቶሎ ስበሩት፣ ሲደንዝ ወረቀቱን ይቀደዋል። ደግሞ በሌዘር አትሙት።

ማታ ሠሪ፦
በኢንክጄት።